ከታዘዘው ሥራ የተረፈው፦ የጀማሪ ተመራማሪ የምርምር አጀንዳ በኢትዮጵያና በሱዳን የቋንቋ ጥናት ታሪክ

አሕጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ጀማሪ የቋንቋ ተመራማሪ የረጅም ዘመን የምርምር አጀንዳውን ከየት እንደሚያገኝ በታሪክ ምሳሌዎች አማካይነት ይመረምራል። ምሳሌዎቹ ከኢትዮጵያና ከሱዳን የቋንቋ ጥናት ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ በዚህ አካባቢ ዘመን ያለፋቸው ሥራዎች አብዛኞቹ የበቀሉት ተመራማሪው በሌላ አካል ታዝዞ ከሠራው ሥራ በተረፈ ጥያቄ ላይ ነው። በመጨረሻም ይህ ልምድ ዛሬ በሁለቱ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ለሚጀምሩ መምህራን ምን እንደሚያመለክት ይቀርባል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሎ ተለይቷል።

1. መግቢያ

የሦስተኛ ዲግሪውን ጨርሶ ወደ ማስተማር የተመለሰ መምህር በየደረሰበት «የምርምር አጀንዳህ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው በቅጥር ቃለ መጠይቅ ይነሣል፤ በገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ይሰፍራል፤ በደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ፊትም ይደገማል። መልሱ ብዙውን ጊዜ የርእሶች ዝርዝር ሆኖ ይቀርባል። ይህን ቋንቋ እገልጻለሁ፣ ያንን ከዚህኛው ጋር አነጻጽራለሁ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጃለሁ ይላል። ዝርዝር ግን ከአንዱ ርእስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ የለውም። አጀንዳ የሚባለው የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛውን አስፈላጊ ሲያደርገው፣ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን መልሶ ሲያርመው ነው።

በኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ጀማሪው የመጀመሪያ ሥራውን ራሱ የሚመርጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ርእሱን አማካሪው ይሰጠዋል፤ ወይም ገንዘብ ያቀረበው ድርጅት ይወስነዋል፤ አለዚያም ትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጽሐፍ ስለፈለገ ጥናቱ ይታዘዛል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች «የራሴን ምርምር የምጀምረው ይህ ሲያልቅ ነው» እያሉ ዓመታት ያልፋሉ። የዘርፉ ታሪክ ሲመረመር ግን ታዝዞ መጀመር እንግዳ ነገር ሆኖ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚነሡት ሰዎች ሁሉ የጀመሩት ሌላ ሰው ባቀደው ሥራ ወይም ሌላ ሰው በሰበሰበው መረጃ ነው። ልዩነት ያመጣው ትእዛዙ ያልጠየቀውን፣ ነገር ግን መንገድ ላይ የተገኘውን ነገር የያዙበት አያያዝ ነው።

2. ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ

ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ሲደርስ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የሄደው ሰነድ እንዲፈልግ ታዝዞ ነው። ሰነዱ ፍለጋ የረባ ነገር አላስገኘለትም፤ በከተማይቱ በነበረው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ግን ከጥቂት መነኮሳት ጋር ተገናኘ። ከእነዚህ አንዱ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሉዶልፍ እስከዚያ ቀን ድረስ ግእዝን የሚያውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። ከመምህሩ ጋር ሲቀመጥ ግን ያነበበውን እንዴት እንደሚያነብብ፣ የተረጎመውንም እንዴት እንዳጣመመው ማየት ቻለ።

በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ወደ ጎታ ሄዱ፤ በዚያም ከሉዶልፍ ጋር ለወራት ሠሩ። ስለ ግእዝ፣ ስለ አማርኛ፣ ስለ አገሩ ታሪክና ልማድ የተነጋገሩት ሁሉ ለሉዶልፍ ዕድሜውን በሙሉ የሚበቃ ሥራ ሆነለት። የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ታተሙ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ወጣ፤ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ተከተሉ። ከሮሙ ግንኙነት እስከ አማርኛው ሰዋስው 49 ዓመታት አልፈዋል። ሦስቱ ሥራዎች የሦስት የተለያዩ ርእሶች ክምችት አይደሉም። ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ ሳይኖሩ የታሪኩን ምንጮች ማንበብ አይቻልም ነበር፤ ታሪኩን ሲጽፍ ደግሞ የአገሪቱን ሕዝብ ቋንቋዎች ልዩነት ማብራራት ስላስፈለገው አማርኛ ለብቻው ሰዋስው የሚገባው ቋንቋ ሆኖ ታየው።

ይህ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 እስክንድሮና አጠገብ በደረሰ የመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልሸሸገም፤ በታሪክ መጽሐፉ ስማቸውን በአክብሮት ያነሣል። ይሁን እንጂ የአጀንዳው ባለቤት እርሱ ሲሆን እርሳቸው የዕውቀቱ ምንጭ ሆነው ቀሩ። በኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ ይህ የሥራ ክፍፍል ሦስት መቶ ዓመታት ቆይቷል፤ ጀማሪው ተመራማሪ የአገሩ ተወላጅ በሚሆንበት ጊዜም ቢሆን ከቦታው ሙሉ በሙሉ አልተነቀነቀም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

3. ረጃፍና ተከር

በሚያዝያ 1928 በደቡብ ሱዳን ረጃፍ የተሰበሰበው ጉባኤ የአስተዳደሩን ሹማምንትና የሚሲዮን ድርጅቶችን አገናኘ። የቋንቋ ባለሙያው ዲትሪሽ ቬስተርማንም ተገኝቶ ነበር። ጉባኤው ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚውሉ ቋንቋዎችን መረጠ፤ ዲንካ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ሺሉክና ዛንዴ ከተመረጡት መካከል ናቸው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የቢሮ ጥያቄ ነበር። እነዚህ ቋንቋዎች በምን ፊደል ይጻፉ? የትኛው ቀበልኛ የመጽሐፍ ቋንቋ ይሁን?

ይህን እንዲያስፈጽም ለሱዳን መንግሥት የቋንቋ ባለሙያ ሆኖ የተሾመው አርቺባልድ ተከር ነው። በ1929 ሥራ ሲጀምር ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ሹመቱ እስከ 1931 ቆየ። የታዘዘው የአጻጻፍ ሥርዓት እንዲያስተካክልና የትምህርት መጻሕፍት ዝግጅትን እንዲረዳ ነው። የአጻጻፍ ሥርዓት ለማውጣት ግን ድምፁን መስማት ያስፈልጋል፤ ድምፁን የሰማ ሰው ደግሞ ጎረቤት ቋንቋዎች በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ መመዝገቡ አይቀርም። ይህ ትእዛዙ ያልጠየቀው ትርፍ ነበር። ተከር በ1940 ያሳተመው የምሥራቅ ሱዳናዊ ቋንቋዎች መጽሐፍ፣ በኋላም በ1956 ከማርጋሬት ብራያን ጋር ያወጣው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ባንቱ ያልሆኑ ቋንቋዎች ጥናት የዚህ ትርፍ ፍሬ ናቸው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቢሮ ሥራ ምርምር አይሆንም ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። የፊደል ጥያቄ በትክክል ከተያዘ የሥነ ድምፅ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ የታዘዘ ሥራ የራሱን ዕውር ነጥብ ያወርሳል። የረጃፍ ጉባኤ ያልመረጣቸው ትናንሽ ቋንቋዎች የትምህርት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ተመራማሪም አጡ። ጀማሪ ተመራማሪ የቀደመውን ጥናት ሲያነብብ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያ ጥናት እንዳይጠይቅ የተደረገውን ጭምር መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

4. ሌስላውና ጋፋት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ ሲቆይ መኃልየ መኃልይን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል፤ ከእነዚህ አንዱ ጋፋትኛ ነበር። ብራናው ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፓሪስ ላይ የማርሴል ኮኤን ተማሪ የነበረውና በጦርነቱ ዘመን በ1942 ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ቮልፍ ሌስላው ኢትዮጵያን ገና ሳያይ በዚህ ጽሑፍ ላይ ሠርቶ በ1945 የጋፋትን ሰነዶች አሳተመ። ሌላ ሰው ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት በሰበሰበው መረጃ ላይ የተሠራ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ተረፈ። ይህን ቋንቋ የሚናገር ሰው ዛሬ አለ? ሌስላው በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጥያቄውን ይዞ መጣ። በ1947 በዐባይ አካባቢ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች አገኘ። በ1956 የታተመው የጋፋት ገላጭና ንጽጽራዊ ጥናት ከእነዚህ አራት ሰዎች አፍ የተቀዳ ነው። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው የለም፤ ስለ ቋንቋው የምናውቀው ከሞላ ጎደል በብሩስ ብራናና በእነዚያ አራት ሰዎች ላይ የቆመ ነው።

ጋፋትን የደቡብ ኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋ አድርጎ ለመረዳት ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር ማነጻጸር ግድ ነበር። ሌስላው ወደ ጉራጌ ጥናት በሰፊው ገባ፤ በ1979 በሦስት ቅጽ የወጣው የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ ከዚህ መንገድ ላይ ይገኛል። ጊዜን በተመለከተ የጋፋት ነገር ለጀማሪ ከባድ ትምህርት አለው። የሌስላው ጉዞ ሃያ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ አራቱን ሰዎች የማግኘቱ ዕድል እጅግ በጠበበ ነበር። አጀንዳ ስንነድፍ «ምን ይጠቅማል?» ብለን እንጠይቃለን፤ «ምን አይጠብቀንም?» የሚለው ጥያቄ ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስን ነው።

5. ቤንደርና የድንበሩ ቋንቋዎች

ሊዮኔል ቤንደር ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሒሳብ ለማስተማር ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቋንቋ ጥናት ተሻግሮ በ1968 በአማርኛ ግስ ምዕላድ ላይ የሦስተኛ ዲግሪውን ጽሑፍ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የቋንቋ ቅኝት ተጀመረ። ቅኝቱ በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄድና አምስት አገሮችን የሚሸፍን ሲሆን አገሮቹ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ዛምቢያ ነበሩ። ሱዳን በዝርዝሩ አልገባችም።

ከቅኝቱ የተገኘው ዋናው መጽሐፍ በ1976 በቤንደር፣ በቦወን፣ በኩፐርና በፈርጉሰን አዘጋጅነት ወጣ። ቅኝቱ ትኩረቱ የቋንቋ አጠቃቀምና የቋንቋ ትምህርት ነበር። ቤንደርን የያዘው ግን ከዚያ የተረፈው ነው። በምዕራብ ድንበር የሚነገሩት ጉሙዝ፣ በርታ፣ ኮሞና መሰሎቻቸው በቃላት ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ከአማርኛም፣ ከኦሮምኛም፣ ከኦሞ ሸለቆ ቋንቋዎችም ጋር አልዛመድ አሉ። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 ኒሎ-ሰሃራ በሚል ስም ወደ አንድ ቤተሰብ የጠቀለላቸው ነበሩ፤ ማስረጃው ግን ስስ ነበር። ቤንደር በ1975 ስለ ኢትዮጵያ ኒሎ-ሰሃራውያን አንድ መጽሐፍ፣ በዚያው ዓመት ስለ ኦሞአዊ ቋንቋዎች ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በ1979 የጉሙዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ንድፍ ተከተለ፤ በ1996 ደግሞ የመላውን ኒሎ-ሰሃራ ንጽጽር አቀረበ።

በዚህ ጉዞ የአገር ድንበርና የቋንቋ ድንበር አለመገጣጠም ጎልቶ ይታያል። ጉሙዝ በመተከልም በሱዳን ብሉ ናይል ግዛትም ይነገራል፤ በርታም እንዲሁ። የቅኝቱ ካርታ መተማና ኩርሙክ ላይ ሲያቆም ቋንቋው አላቆመም። ቤንደር ከአንዱ ወገን ጀምሮ ወደ ሌላው ተሻገረ። ጥያቄው ግን ገና አልተዘጋም። የጉሙዝ በኒሎ-ሰሃራ ውስጥ የሚኖረው ቦታ ዛሬም ያከራክራል፤ ኮሊን አላንድ በ2012 ያቀረበችው የሰሜንና የደቡብ ጉሙዝ ሰዋስው ክርክሩን ከቃላት ዝርዝር ወደ ምዕላድ አሸጋግሮታል። አንድ ጀማሪ ያነሣው ጥያቄ ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ጀማሪን የሚያሠራ ከሆነ አጀንዳው ሠምሯል ማለት ይቻላል።

6. ካርቱም

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን የምርምር ክፍል በ1964 ተቋቋመ፤ በ1972 የአፍሪካና የእስያ ጥናት ተቋም ሆነ። ያ 1964 ዓመት ሌላም ትርጉም አለው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ ዋዲ ሐልፋን መዋጥ የጀመረበትና የሱዳን ኑብያውያን ወደ ኻሽም አልጊርባ የተዛወሩበት ወቅት ነው። ሄርማን ቤል በዚያ ዘመን በኑብያ የቦታ ስሞችን ሰበሰበ፤ ሥራውም በ1970 «የድንጋይ ሆድ» በተባለው የባጥን አልሐጀር አካባቢ የቦታ ስሞች ላይ ያተኮረ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ቦታው ከውኃ በታች ሲቀር ስሙ በወረቀት ላይ ቆየ። የቦታ ስም ጥናት ለጀማሪ ጠባብ ርእስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ስም ውስጥ የቀደመ ቋንቋ፣ የመሬት ይዞታና የሰፈራ ታሪክ ተጣጥፈው ይገኛሉ።

ተቋሙ ከዚያ በኋላ የአገሩን ልጆች አጀንዳ ማሳደግ ጀመረ። አልአሚን አቡ መንጋ በሱዳን ስለሚነገረው ፉልፉልዴና ከዐረብኛ ጋር ስላለው መላመድ በ1986 መጽሐፍ አሳተመ። ከካትሪን ሚለር ጋር ደግሞ በ1992 ከገጠር ወደ ካርቱም የፈለሱ ሰዎች የቋንቋ ለውጥ ላይ ጥናት አወጡ። ከአንድ ስደተኛ ቋንቋ ወደ ስደተኞች ከተማ የተደረገ ሽግግር ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፍቶ ሁለተኛው ሆነ። በየካቲት 2004 ዘጠነኛው የኒሎ-ሰሃራ ቋንቋዎች ጉባኤ በዚሁ ተቋም ሲካሄድ ከረጃፍ ጀምሮ ውጭ ሲታቀድ የኖረው ጥናት ካርቱም ላይ ጠረጴዛ አገኘ።

በኢትዮጵያ በኩል ተመሳሳይ መንገድ ይታያል። ባየ ይማም በ1986 በለንደን የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸውን ያቀረቡት በኦሮምኛ ሐረግ መዋቅር ላይ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ «የአማርኛ ሰዋስው»ን በአማርኛ አሳተሙ። በእንግሊዝኛ የተማሩትን ንድፈ ሐሳብ በአማርኛ ለመጻፍ ለስያሜዎቹ ሁሉ የአማርኛ ቃል መፈለግ ግድ ነበር፤ ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚጠቀሙባቸው ብዙ ሙያዊ ቃላት ከዚያ የመጡ ናቸው። ዘላለም ልየው ደግሞ በጎንደር አካባቢ በሚነገረው ቅማንትኛ ላይ ያደረጉት ጥናት በ2003 ሲታተም ሰዋስውን ከቋንቋ መተካካት ጋር አንድ ላይ ያዘ። እነዚህ ሥራዎች ከአባ ጎርጎርዮስ ዘመን የወረስነውን ክፍፍል ይንዳሉ፤ ዕውቀቱም ጥያቄውም በአንድ ሰው እጅ ይገባሉ።

7. ጀብራ

ጀብራ በደቡብ ካርቱም የሚገኝ ሰፈር ነው። ተጋባዥ ሆኜ በካርቱም ስቆይ ያደርኩት በዚያ ነበር። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ተከራይተው ከሚኖሩባቸው የከተማይቱ ሰፈሮች አንዱ ስለሆነ በአንድ ቀን አማርኛ፣ ትግርኛና የሱዳን ዐረብኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ መስማት የተለመደ ነበር። የመጣሁበት ሥራ ከዚህ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የተረፈው ጥያቄ ግን ለጀማሪ አጀንዳ የሚበቃ ይመስለኛል።

ጥያቄው ይህ ነው። የሥራ ሰው በካርቱም ሲኖር የመኖሪያ ፈቃዱን «ኢቃማ»፣ ባለ ሦስት እግሩን ተሽከርካሪ «ራክሻ»፣ የፖሊስ አፈሳውን «ከሻ» ማለቱ አያስገርምም፤ ስም በቀላሉ ይገባል። ግስ ሲገባስ? ዐረብኛና አማርኛ ሁለቱም ሴማዊ ስለሆኑ በመርሕ ደረጃ የዐረብኛው ሥር በቀጥታ በአማርኛ ቅርጽ ሊረባ ይችላል፤ ወይም ስሙ ተወስዶ «አደረገ» ሊከተለው ይችላል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ተናጋሪ አፍ አብረው ይኖራሉ? በካርቱም የተወለደው ልጅ ከአባቱ የተለየ መንገድ ይመርጣል? ይህ የውሰት ጥናት የሥርና የቅርጽ ንድፈ ሐሳብን የሚፈትን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሰዎቹ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የትኛው ቃል አብሯቸው ይመለሳል የሚል ይሆናል።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሰፈሩ የጦርነት ቦታ ሆነ፤ ነዋሪዎቹም ተበተኑ። በግንቦት 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሙሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማእከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በብሩስ ጊዜ ብራናው አገር ለቅቆ ስለወጣ ተረፈ፤ ይህን እንደ መልካም ነገር ማውሳት ያሳዝናል፤ እውነት መሆኑ ግን አይቀርም። የእኛ ዘመን ተመራማሪ ሰነዱን ከአገሩ ሳያስወጣ በብዙ ቦታ የማስቀመጥ ዕድል አለው። ቅጂ ያልተቀመጠለት የመስክ ደብተር የግል ንብረት መስሎ ይታያል፤ ሲጠፋ ግን የሚጎዳው ባለ ደብተሩ ብቻ አይደለም።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከታየው ታሪክ ለጀማሪ መምህር ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ የታዘዘውን ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ሁለተኛ ደብተር መያዝ ነው፤ በዚያ ደብተር ጥናቱ ያልጠየቃቸውን፣ ከሰንጠረዡ ያልገጠሙትንና መልስ ሰጪዎቹ ሳይጠየቁ የተናገሩትን ያሰፍራል። በዓመቱ መጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ ሦስት ጊዜ የተደጋገመው ጥያቄ የአጀንዳው እጩ ነው።

ሁለተኛው፣ እጩውን በሦስት እርከን መክፈል ነው፤ በአንድ ዓመት ጽሑፍ የሚሆነው፣ በአምስት ዓመት መጽሐፍ ወይም መዝገብ የሚሆነው፣ ለተማሪዎቹ የሚተወው። የደረጃ ዕድገት መመዘኛ ጽሑፍ ስለሚቆጥር ጀማሪው የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ደጋግሞ እንዲሠራ ይገፋፋል፤ እርከኖቹ ካልተያያዙ ግን በአሥረኛው ዓመት አሥር ጽሑፍ ኖሮት አጀንዳ አይኖረውም። ሦስተኛው፣ ቅደም ተከተሉን በጋፋት መለኪያ መወሰን ነው። የተጻፈ ሰዋስው ለአሥር ዓመት ይጠብቃል፤ የሰባ ዓመት አዛውንት አይጠብቁም። አራተኛው፣ የቅጂውን ቦታ ከመስክ ጉዞው በፊት መወሰን ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ባለቤትነት ነው። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአሶሳ ወይም በካርቱም የሚቀጠር ወጣት ብዙ ጊዜ የሚጋበዘው ለሌላ ሰው አጀንዳ መረጃ እንዲሰበስብ ነው። ግብዣውን መቀበል አያሳፍርም፤ ተከርም ቤንደርም የተቀበሉት ይህንኑ ዓይነት ግብዣ ነው። ሲቀበል ግን በስምምነቱ ላይ አንድ አንቀጽ ቢያስጽፍ ይጠቅመዋል፤ የሰበሰበው መረጃ ቅጂ በእጁና በዩኒቨርሲቲው እንዲቀር፣ ከዋናው ጥያቄ ውጭ ባለው ላይም በስሙ እንዲጽፍ። አባ ጎርጎርዮስ እንዲህ ያለ አንቀጽ የሚያስጽፉበት ዘመን አልነበረም። እኛ ግን አለን።